ያልታጠበው ጨርቅ

አንድ ሰው ነበረ፣ ሚስቱን ቀብሮ ከላሟ ጋር የቀረ። «ለቆኝ የነበረው ኀዘን ለምን ተመለሰብኝ? ያኔ ዳንኩ ያልኩት ውሸቴን ነበር ወይ?» ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ የእሱን ነገር ልንገርሽ። ወሬው የላም ጡት ነውና አትሳቂብኝ።

ሰውየው ከተማ ዳር ሦስት ላሞች ይዞ ወተት የሚሸጥ ነበር። ላሞቹ የሚያውቁት ግን የምታልባቸውን ሚስቱን ነው። እሷም ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ሻሼ የምትባለዋን ነበር፤ ከጥጃነቷ ጀምራ በእጇ አሳድጋታለች። አንድ ክረምት የሻሼ ግት አበጠና ደነደነ፤ ወተቷም እንደ ተበላሸ እርጎ እየተቆራረጠ ይወጣ ጀመር። ሚስትየዋ ሐኪም አስጠራች። መድኃኒቱን በሰዓቱ እያስደረገች፣ የታመመውን ጡት እያለበች እየደፋች፣ በረት ውስጥ ከረመች። ሻሼም ዳነች። ብዙ ሳይቆይ ሴትየዋ ራሷ ታመመች። በመጨረሻም ባሏን «ሻሼን አደራ። እሷን እንኳ አድኜ ነው የምሄደው» ብላው አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ላሚቱ ለሰውየው እምቢ አለች። ጥጃዋን ቢያስጠጋ፣ ቢያባብላት፣ ወተቷን ያዘች። አንገቷን አዙራ በሩን ታያለች፤ እሱም አብሯት ያያል። አንድ ማለዳ ከበረቱ ካስማ ላይ የሚስቱን አሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ተንጠልጥሎ አገኘው። ስታልብ የምታሸርጠው ነበር፤ አሁንም አሪቲና ቅቤ ይሸታል። ፊቱን ቀብሮበት ብዙ ቆመ። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ሳያስበው የሻሼን ጡት ጠረገበት፤ ወተቱም ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ያለዚያ ጨርቅ አልቦ አያውቅም። ሦስቱንም ላሞች ይጠርግበታል፤ ማጠብ ግን አልሆነለትም። ጎረቤቱ አንድ ቀን አጥቤ ላምጣልህ ብትለው ተቆጣት። ቢታጠብ ሽታዋ ይሄድበታላ። ጨርቁ እየጠቆረ፣ እየደረቀ ሄደ። አሪቲው ከእበቱ ሥር በስንት ፍለጋ የሚገኝ ሆነ፤ እሱ ግን ያገኘዋል። የናፈቀ ሰው አፍንጫ ምን ይሳነዋል።

ሻሼ ወለደች፤ በወለደች ሰሞንም ግቷ ልክ እንደ ድሮው አበጠ። ሰውየው ሲያየው፣ ያው በሽታ ነው፣ ድሮም አልዳነችም፣ ውስጧ ተደብቆ ነበር አለ። ላም ትታመማለች፤ ይህን ያውቃል። ያቃጠለው ሚስቱ አድኛለሁ ብላ የሞተችው ነገር ከንቱ መሆኑ ነው። ላሚቱን ባየ ቁጥር ያ ከንቱ ድካም እየታየው ሊችል አልቻለምና ባለ ልኳንዳ ጠርቶ ሊሸጣት ቆረጠ። እንደው ለአደራው ሲል ብቻ ሐኪሟን መጀመሪያ አስመጣት።

ሐኪሟ ከምርምር ጣቢያ የመጣች ልጅ እግር ሴት ናት፤ ያኔም ሻሼን ያከመቻት እሷ ነበረች። ከሦስቱም ላሞች ወተት ቀዳች። ጨርቁንም አየችው። ከጠርዙ ትንሽ ቆርጣ እንድትወስድ የፈቀደላት በስንት ልመና ነው። እስክመለስ ድረስ ላሚቱን እንዳይሸጧት ብላው ሄደች።

እዚያ የሚሠሩት ነገር ይገርማል። ይህን የጡት በሽታ የሚያመጣው ጀርም በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ክብ ክብ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጋ። ስሙም አንድ ነው። እነሱ ግን ዘረመሉን አውጥተው፣ እኛ ልጅ ስንድር ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው፣ ዘሩን ይቆጥሩለታል። ያን ጊዜ የትኛው የማን ወገን እንደ ሆነ ይለያል። ሐኪሟ ደግሞ ሻሼ በመጀመሪያ ስትታመም ያገኘችውን ጀርም በብርድ አቆይታው ኖሯል።

ተመልሳ ስትመጣ ሰውየው በረቱ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ ላሟን አድነዋታል» አለችው። «ያ የድሮው ጠፍቷል። የአሁኑ ዘሩ ሌላ ነው፤ ምልክት ሳታሳይ በሽታውን ይዛ ከኖረችው ከአሮጊቷ ላምዎ የመጣ ነው።»

በምን መጣ ብሎ ጠየቃት። ሐኪሟ ወደ ካስማው አየች።

«ጨርቁም ላይ ያለው እሱው ነው» አለችው።

ሰውየው ባለ ልኳንዳውን እንዳይመጣ ላከበት። ከዚያ እሳት አንድዶ ውሃ ጣደ። ጨርቁን አፍንጫው ላይ ይዞ ቆየ፤ ውሃው ሲፈላ ከተተው። ከእንፋሎቱ ጋር አሪቲው ለመጨረሻ ጊዜ ሸተተው። አለቀሰ፤ እያለቀሰም እንጨት ጨመረበት።

ሐኪሟ እንዳዘዘችው ለእያንዳንዷ ላም የየራሷን ንጹሕ ጨርቅ አበጀ፤ አሮጊቷንም መጨረሻ ያልባት ጀመር። ሻሼ ታክማ ዳነች፣ ግን እንደገና ወተቷን ያዘች። የሚሰጣት ሽታ የለውም። ስለዚህ ሥሯ ቁጭ ብሎ የሚስቱን ነገር ያወራት ጀመር፤ እንዴት እንደምትስቅ፣ ወተት ውሃ ገባበት ከሚሏት ጋር እንዴት እንደምትጣላ። ላሚቱ ድምፁን እየለመደች መጣች። ሰነባብቶ ወተቱ ወረደ።

እንግዲህ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ትልቋ ልጅሽ የሞተች ጊዜ ታናሿ ከጎንሽ እየተኛች፣ በእጇ እያጎረሰች አስታመመችሽ፤ ዳንሽም። ዳንሽ ስልሽ ዳንሽ ነው፤ የልጅቷን ድካም ከንቱ አታድርጊባት። የአሁኑ ሕመም መልኩ ቢመሳሰልብሽ ዘሩን ቁጠሪው። ታናሿ ከቤትሽ ከወጣች ከርማለች፤ አሁን ሌሊት የሚያስለቅስሽ የእሷ ናፍቆት ነው። ለምን እንደ ሄደች አላውቅም አልሽኝ። እዚህ ተቀምጠሽ ስታወሪኝ እንኳ ደጋግመሽ በሟቿ ስም ጠራሻት። የእኅቷን ቀሚስ አልብሰሻታል፣ በእኅቷ አልጋ አስተኝተሻታል። ክፋት የለበትም፤ ሰውየውም ሻሼን የጎዳት እየወደዳት ነው።

ሟቿን እርሺ አላልኩሽም፤ ታናሿ ትስማሽ፣ ተቀምጠሽ አውሪላት። ነገ ግን ተነሽና ወዳለችበት ሂጂ። በሩን ስትመቺ «ማነው?» ትላለች። ያን ጊዜ በገዛ ስሟ ጥሪያት።