ከበሬው ቆዳ ጀርባ የነበረው ቁና

ምንም ያልሠራ ሰው መብላት ይገባዋል? ልጆች፣ ቶሎ አትመልሱ። ቶሎ የመለሱ ሰዎች ምን እንዳደረጉ መጀመሪያ ስሙ።

በአንድ ወቅት፣ ቆላ ውስጥ ባለች አንዲት መንደር፣ የአንድ ሰው ብቻ ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ የማሽላ እርሻ ነበር። በሬ ያለው በበሬው ያርሰዋል፤ በሬ የሌለው በእጁ ያርመዋል፤ አቅም ያነሰው ወፍ ይጠብቃል፤ ያንንም ያልቻለ ዳር ተቀምጦ ያያል። አዝመራው ሲሰበሰብ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይከተታል። ከዚያ በየገበያው ቀን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁና ይሰፈርለታል። ለሀብታሙም ለድሃውም፣ ለጎበዙም ለሰነፉም፣ ትናንት ለተወለደውም እኩል ነው። በቁናው ድግስ አይደገስም፤ ቂጣና ንፍሮ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የፈለገ የራሱን ማሳ ያርሳል።

ሰፋሪዋ እመት ላቀች ነበሩ። ጉድጓዱ አጠገብ ባለች ጎጆ ደጃፍ ላይ የበሬ ቆዳ ሰቅለው ከጀርባው ይቀመጣሉ። ተረኛው ስልቻውን ከቆዳው ሥር ያስገባል፤ ተሞልቶ ይወጣለታል። እሳቸው ማን እንደሆነ አያዩም። እሱም አያመሰግንም፤ ማመስገን ነውር ነበር።

ልጃቸው ደብሪቱ ትንሽ ሳለች ነገሩ አልገባትም።

«እማዬ፣ ለባለ በሬዎቹም ትሰጫለሽ?»

«ሀብታሙን ከድሃው ለመለየት ቆዳውን መግለጥ ሊኖርብኝ ነው።»

«ብትገልጪውስ?»

«ያን ጊዜ ዓይኔ መስፈር ይጀምራል። ዓይን ደግሞ ቁና አይደለም፤ አንዱን ያተርፋል፣ አንዱን ያጎድላል።»

«ሁለቴ የሚሰለፍ ቢኖርስ?»

«እሱን ለጎረቤቱ ተይው። ጎረቤት መቼ ተኝቶ ያውቃል?»

እመት ላቀች ሊሞቱ ሲሉ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ጠሩ። «ዓመት ዓመት እየተቀባበላችሁ ስፈሩ። በመጨረሻ ቁናውን ታላቅ እህታችሁ ደብሪቱ ለሚገባው ትስጠው» አሉ። ይህን ብለው አረፉ።

ያን ጊዜ ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጅ ያላት ሴት ነበረች። ልጅቷ ስንዱ ትባላለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረቷ ደካማ ነበር፤ ዳገት አትወጣም፣ ዶማ አታነሳም። ጥጥ ትፈትላለች፤ በአንደበቷ መንደሩን ታስቃለች። ደብሪቱ ከእሷ ሌላ ምንም አልነበራትም።

በመጀመሪያ ቁናውን የያዘው ገረመው ነበር፤ ጎበዝ አራሽ ነው። ቆዳውን ገንጥሎ ጣለው። «የለፋ ይብላ» አለ። እውነትም ሰነፉ ሁሉ እርሻ ወረደ፤ የዚያን ዓመት አዝመራ ጉድጓዱ አልበቃው አለ። ይህን ማንም አይክድም። ስንዱ ስልቻዋን ይዛ ስትመጣ ግን መዳፏን ገልብጦ አየው።

«ይህ እጅ ምን ሠራ?»

«ያንተን ጋቢ ፈተለ፣ አጎቴ።»

ሰዉ ሳቀ። ገረመው አልሳቀም። «ጋቢ አይበላም» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። በዚያ ዓመት ደብሪቱ እርሻውን አርማ ያገኘችውን ቁና ለሁለት ከፈለችው፤ ትልቁን ክፋይ ለልጇ።

ተከታዩ ምናሉ ነበር፤ ዳዊት ደጋሚ፣ ልበ ሩኅሩኅ። «ባለ በሬ ከድሃ ጋር ተሰልፎ ማሰፈሩ ግፍ ነው። ለድሃ ብቻ ይሁን፤ ለድሃው ግን ሁለት ቁና» አለ። እውነትም ወላጅ አልባዎቹ ሥጋ ለበሱ። ይህንንም ማንም አይክድም። ነገር ግን ድሃ ለመባል የመንደሩ ሾላ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ በሽማግሌዎች ፊት «የለኝም» ማለት ያስፈልጋል፤ ጎረቤትም ይመሰክራል። ስንዱ ቆመች።

«ምን አለሽ?» አሏት።

«አንድ እንዝርት፣ አንዲት እናት፣ ብዙ ሳል።»

«እንዝርት ያላት ድሃ አትባልም» አለ ጎረቤቷ።

ምናሉ አንገቱን ደፋ። «ምን ላድርግ፣ ልጄ። ሥርዓት ነው።»

ስንዱ እንዝርቷን ጉልበቷ ላይ ሰበረችው። ስባሪውን ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አስቀመጠች። «አሁንስ?» አለች። ከዚያ ቀን ወዲያ አልፈተለችም፤ ሰውም አላሳቀችም። ባለ በሬዎቹም «ለማንበላው ለምን እናርሳለን?» ብለው በሬዎቻቸውን መለሱ። እርሻው ግማሹ ጦም አደረ።

በመጨረሻ ተራው የታናሹ፣ የፈንቴ ሆነ። ፈንቴ ቁጥብና አርቆ አሳቢ ነበር። ወደ ጉድጓዱ አየ፣ ወደ ሰማዩ አየ። «የቀረችው ትንሽ ናት፤ ክፉ ቀን እየመጣ ነው» አለ። ጉድጓዱን በድንጋይ ገጠመው፤ በጭቃ መረገው። ስንዱ ያን ጊዜ ከመደብ መነሳት አቅቷት ነበር። ደብሪቱ ወንድሟን ፍለጋ ሄደች፤ አሁንም ጭቃ በእጁ ነበር።

«ፈንቴ፣ አንድ ቁና ብቻ። አጥሚት ላጠጣት።»

«እትዬ፣ ላንቺ ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው።»

«ለሁሉም ክፈት።»

«ነገ ምን ልንበላ?»

«ስንዱ ነገ የላትም።»

ፈንቴ አለቀሰ። አልከፈተም። ስንዱ ስትሞት ምርጉ ገና አልደረቀም ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በዙሪያው ያሉት መንደሮች ተበተኑ፤ የቤታቸውን ክዳን ሳይቀር ከብት በላው። ፈንቴ ጉድጓዱን ከፈተ፤ በዚያች መንደር በረሃብ የሞተ አልነበረም። ይህንንም ማንም አይክድም። ደብሪቱም ከዚያ እህል በላች።

ዝናቡ ሲመለስ ሦስቱ ወንድሞች ይቅርታ ሊለምኑ፣ ቁናውንም ለፍርዷ ሊያስረክቡ፣ እንደ አገሩ ወግ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ደብሪቱ ደጃፍ ቆሙ። ፈንቴ የተሸከመው ጉድጓዱን የገጠመበትን ድንጋይ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው ቆመዋል።

«እህሉን ያበዛሁት እኔ ነኝ» አለ ገረመው።

«ለተራበው ያሰብኩት እኔ ነኝ» አለ ምናሉ።

«እኔ ባልዘጋው ዛሬ ቁና የሚይዝ ሰው አይገኝም ነበር» አለ ፈንቴ።

ደብሪቱ ያስረከቧትን ቁና ጭኗ ላይ አደረገች። «ሦስታችሁም እውነታችሁን ነው» አለች። «ቆዳውን ግን መልሶ የሰቀለው የትኛችሁ ነው?»

ቁናውን ይዛ ወደ ቤት ገባች፤ ለማንም አልሰጠችም።

እንግዲህ ልጆች፣ ቁናው ለማን ይገባል? እህሉን ላበዛው፣ ወላጅ አልባውን ላጠገበው ወይስ መንደሩን ላተረፈው? ወይስ ማንንም ሳያይ ከቆዳው ጀርባ ለሚቀመጥ ለሌላ ሰው? ተከራከሩበት፤ ከፈለጋችሁ ተጣሉበት።

አስታርቁን ተብላችሁ ግን ወደ ደብሪቱ አትሂዱ። ሽማግሌዎቹ ሄደዋል። «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይ» ብለዋታል። ለገረመውም፣ ለምናሉም፣ ለፈንቴም፣ እንዝርት ቆጥሮ ለመሰከረው ጎረቤትም፣ ያንን እህል በልታ ለዳነችው ለራሷም።

«አልልም» አለች።