በሰው ጣት የተለካችው መኪና

አንድ መኪና ወዳድ ሰው ነበረ። ወይንሸት፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ልጄ ከሥራ ስገባ አልጋ ሥር ይደበቅብኛል፤ ያልሞከርኩት የለም፤ እንዴት ልያዘው?» ነው ያልሽኝ። ቁጭ በይ። የማወራሽ ስለ መኪና ነው፤ ልጅና መኪና ምን አገናኘው ብለሽ ከአሁኑ ፊትሽን አታኮሳትሪብኝ።

ይህ ሰው አሮጌ ትንሽ መኪና ነበረችው። በሥራ ቀን ይመላለስባታል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ከከተማው ዳር ባለው ሰፊ አስፋልት ላይ ከመሰሎቹ ጋር ይወዳደርባታል። ሽልማት የሚባል የለም። አሮጌ ጎማ ደርድረው፣ በመካከሉ እየተጥመዘመዙ ሰዓት ይያያዛሉ፤ በቃ። ታናሽ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ «ግራ፣ ቀኝ» እያለች መንገዱን ትነግረዋለች። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለቱን አብሮ የሚያስቃቸው ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን መኪናዋን ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ገዝቶ አስገጠመ። ይህ ሞላ እንደ ድሮው ተገጥሞ የሚረሳ አይደለም። በየጎማው በኩል ቀለበት አለው፤ ቀለበቱን ወደ ታች ሲያዞሩት መኪናው ዝቅ ይላል፣ ወደ ላይ ሲያዞሩት ከፍ ይላል። አናቱ ላይ ደግሞ ማጠንከሪያና ማለስለሻ አለው። ሰውየው ደስ አለው። ደስታው ግን ሳምንት አልቆየም፤ አራት ጎማ፣ አራት ቀለበት፣ አራት ማጠንከሪያ፤ የቱን ምን ያህል ማዞር እንዳለበት ግራ ገባው።

ስለዚህ ጠየቀ። መጠየቁ ጥፋት የለውም፤ አንቺም ጠይቀሽኛል፣ አልተቆጣሁሽም። ጥፋቱ የጠየቀውን ሰው ሁሉ እጅ መኪናዋ ላይ ማሳረፉ ነው። የእነዚህ ሰዎች ልማድ ከፍታን በጣት መለካት ነው። በጎማውና ከላዩ ሆኖ ጭቃ በሚከላከለው ፓራፋንጎ መካከል ጣታቸውን ሰክተው «ሁለት ጣት»፣ «ሦስት ጣት» ይባባላሉ። ጋራዥ ያለው ጓደኛው መጥቶ የግራውን ፊት ሁለት ጣት አደረገለት፤ የዚያ ሰው ጣት ሙዝ ያክላል። መለዋወጫ የሚሸጥለት ሰው የቀኙን ፊት ሁለት ጣት አደረገለት፤ የእሱ ጣት ደግሞ እርሳስ ነው። አንድ ዘመዱ «ኋላዋ ይጠንክር» አለው፤ አጠነከረ። ሌላው «ኧረ ምን ሆነሃል፣ ይለስልስ እንጂ» አለው፤ አለሰለሰ። ሁሉም የሚናገረው በሙሉ ልብ ነው። ግማሾቹ እኮ በዕድሜያቸው ተወዳድረው አያውቁም።

እሁድ ሲመጣ መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ትታዘዛለች፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ኋላዋ ያመልጣል። በቀጣዩ እሁድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። በሦስተኛው እሁድ ተሽከርክራ እህቱ በተቀመጠችበት በኩል ከጎማው ክምር ጋር ተላተመች። የልጅቱ ትከሻ አበጠ። ከመኪናዋ ወርዳ «ወንድም ጋሼ፣ አነዳድህን አልፈራም» አለችው። «ግን ቀጥሎ ምን እንደምትሆን የማላውቃት መኪና ውስጥ ሁለተኛ አልገባም።»

በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣ። እህል ነጋዴ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ኩንታል የምመዝንባቸውን አራት ሚዛኖች አውሰኝ አለ። በጣት መለካት ትርፉ ስህተት ነው፣ እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ይመዘን የሚል መካሪ ደግሞ አግኝቷል። ምክሩ እውነት ነው፤ ሰጠሁት። አራቱን ጎማ አራት ሚዛን ላይ አወጣ። እየዞረ፣ እየጎነበሰ፣ ቀለበቱን እየነካካ ቀኑን ሙሉ ዋለ። የፊቶቹ እኩል ሆኑ፤ የኋላዎቹም እኩል ሆኑ። ከዚያ ነድቶ ሞከራት። ኋላዋ አሁንም አመለጠ። ሚዛኖቹ ላይ መልሶ አውጥቷት ወረደና፣ ቁጥሩ ያው እኩል ሲሆንበት፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ሚዛንዎ ያጭበረብራል።» ሠላሳ ዓመት ስመዝን እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ደሜ ፈላ።

ጎረቤቴ የጭነት መኪና ሞላ፣ ባሌስትራ የሚሉትን፣ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። እንዲፈርዱልኝ ጠራኋቸው። መጡ፤ አንድም ቀለበት አልነኩም። ቁጥሮቹን አዩ፣ ከዚያ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ሰውየው ወፍራም ነው።

«ግባ» አሉት።

«የት?»

«መሪው ጋ።»

ገባ። በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ሚዛኖች ዘለሉ፤ ቀኑን ሙሉ ያስተካከለው ሁሉ ተዛባ። በመስኮት ብቅ ብሎ «አባባ፣ አበላሹት እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ምን ነካሁ? ስትወዳደር ውጭ ቆመህ ነው እንዴ የምትነዳት?»

ሽማግሌው ከሞላው ጋር የመጣውን፣ እስከዚያ ቀን ማንም ያልገለጠውን ወረቀት አስነበቡትና አራቱንም ቀለበት ወደ መነሻው ልክ መለሱ። እህቱ ተለምና መጥታ ቦታዋ ተቀመጠች። ሁለቱ ከነክብደታቸው በተቀመጡበት፣ አንዱን ቀለበት ብቻ ጥቂት አዞሩና «ዞረህ ና» አሉት። ዞሮ መጣ።

«ምን ተሰማህ?»

«ያ ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ ኋላው ሲያመልጥ…»

«ጓደኛህን አልጠየቅሁም።»

ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን እንደሚሰማው ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው፤ ንዴቴም እዚያው በረደ። ሁለተኛ ዞረ፣ ሦስተኛ ዞረ። በአራተኛው መጣና «ወደ መታጠፊያው ስገባ እሺ ትላለች፤ ስወጣ ነው የምትሸሸኝ» አለ። ሽማግሌው ይኼኔ ነው ሌላውን ቀለበት የነኩት።

በቀጣዩ እሁድ ውድድር ስድስተኛ ወጣ፤ ተወዳዳሪዎቹ ስምንት ነበሩ። ነገር ግን መኪናዋ በመጀመሪያው መታጠፊያ የነበረችውን በመጨረሻውም ሆና ተገኘች፤ እህቱም ከዚያ ወዲያ ቦታዋን ለቃ አታውቅም።

እንግዲህ ወይንሸት፣ ልጄ ያቺ መኪና ነው ብለሽ እየሰማሽኝ ከሆነ ተሳስተሻል። መኪናዋ አንቺ ነሽ። ልጅሽ እንደ እህቱ ውስጧ የተቀመጠው ነው። እናትሽ ስትመክርሽ ሰኞ ትገርፊዋለሽ፤ ጎረቤትሽ ስትመክርሽ ማክሰኞ ታባብይዋለሽ፤ መጽሐፍ የምታነበው ጓደኛሽ ስትነግርሽ ረቡዕ እንዳላየሽው ታልፊዋለሽ። ክፉ የመከረሽ የለም፤ ሁሉም በየጣቱ ለካልሽ እንጂ። አንቺ ራስሽ ምን እንደምታስቢ፣ የቱን ቁጣ እስከ መጨረሻ ልትቆሚበት እንደምትችዪ፣ የቱን ፍቅር ነገም ሳትሰስቺ እንደምትሰጪው አልመዘንሽም። አሁን ደግሞ «ጋሼ እንዲህ አሉኝ» ብለሽ ሌላ ቀለበት እንዳታዞሪ። አንድ ነገር ከራስሽ ምረጪና እሱን ብቻ ያዢ፤ ልጁ እስኪያውቅሽ ድረስ።

ይፈራኛል ብለሽ አለቀስሽብኝ። አንቺን አይደለም የሚፈራው። በሩ ሲከፈት፣ ዛሬ የምትገባው የትኛዋ እናቱ እንደሆነች አያውቅም።