የዜሮ ሰከንድ ዕቅድ

ገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያ የሚሠራ አንድ ድርጅት አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመለት፤ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። መተግበሪያው ቀርፋፋ ስለነበር ደንበኛው ሁሉ ያማርር ነበር። እሳቸውም ሠራተኛውን ሰበሰቡና ፍጥነቱን የምትከታተለዋን ኢንጂነር አስነሥተው፣ የዓመቱን ግቧን በቁጥር እንድትናገር አዘዟት።

«ደንበኛው አሁን ዘጠኝ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ወደ ሁለት አወርደዋለሁ» አለች።

«ሁለት? እኔ በምመራው ቤት ማንም ቆሞ አይጠብቅም! ዜሮ ብለሽ ፈርሚ። ካልተሳካልሽ ትሰናበቻለሽ» አሏት።

ኢንጂነሯ ግን ሳታቅማማ ፈረመች።

«ይሳካል ጌታዬ» አለች። «ደንበኞቻችን ሄደው ሲያልቁ የሚጠብቅ ሰው አይኖርም። በእርስዎ አያያዝ ደግሞ ከዕቅዱ ቀድመን እንደርሳለን።»