ለቅሶ ለመድረስ ውሃ የተሻገረችው ቆቅ

ይህን ተረት ያቀበሉኝ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ካለ ያርመኝ።

ነብር በአህያ ውርንጭላ ላይ ቢያደባ ጊዜ፣ አህያ፣ ከርከሮና ቆቅ በሐይቁ ዳር እድር ገቡ። ከሐይቁ ማዶ የሚኖረው ጎሽ እናቱ ስትሞትበት፣ ቆቅ ክንፏ እስኪዝል በርራ ለቅሶ ደረሰች። ከርከሮ አኮረፈ።

«እመት ቆቅ፣ እድራችን ላልገባ ሰው ምን አንከራተተሽ? እኛ አነስንሽ?»

«እናንተማ ቤቴ ናችሁ፣ አያ ከርከሮ። ግን ነብር የመጣ ቀን ሦስታችን አንበቃም። ለቅሶውን ያልደረስንለት ደግሞ ጩኸታችንን ምን ብሎ ይሰማል?»

ነብር ጎህ ሲቀድ መጣ። ቀድማ አይታ የጮኸችው ያችው ቆቅ ናት። አህያ በእርግጫ፣ ከርከሮ በክራንቻው ሲታገሉት ጎሽ ውሃውን ዋኝቶ ደረሰ።

ነብር አንክሶ አገር ለቀቀ። ውርንጭላዋ አድጋ ወለደች። ጎሽ ቤት ለቅሶ ሲኖር ዛሬ ቀድሞ የሚሻገረው ከርከሮ ነው። ቆቅ ቁጥቋጦው ጫፍ ላይ እንደነቃች አለች።