ሊያርሱ የመጡ አያቶች

አንድ ጊዜ፣ ከገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ፣ አስካለች የምትባል ወጣት ጅብ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ባሏ ጫንያለው ደስታው ወሰን አጥቶ ያደነውን ሥጋ ሁሉ ለአራስ ቀለብ ብሎ በዋሻው ጥግ ቆለለው። አራስ ካልበላች ወተት እንደማይኖራት ጅብም ያውቃል።

ወሬው በተሰማ ማግስት የጫንያለው እናትና አባት፣ እማማ ብርቄና አባባ ደምሴ፣ ከወንዝ ማዶ ተነስተው መጡ። የያዙት ነገር አልነበረም። ዋናው እኛ መምጣታችን ነው አሉ። እማማ ብርቄ ገና ዋሻው አፍ ላይ ሆነው፦

«እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ። ልናርስሽ መጥተናል፤ ከእንግዲህ ከመኝታሽ ንቅንቅ እንዳትይ» አሏት።

እርዳታው ወዲያው ተጀመረ። እማማ ብርቄ ሥጋው ለአራስ የሚስማማ መሆኑን ለማረጋገጥ ቀመሱት፤ አንድ ጊዜ ቀምሶ መፍረድ አይቻልምና ደጋገሙት። ጉበት ለአራስ ይከብዳል ብለው ጉበቱን አነሱላት። አባባ ደምሴ ደግሞ የወለደች ጥርሷ ይላላል ብለው አጥንቱን ተረከቧት። ለአስካለች ቀንድና ሰኮና ተረፈላት። ንቅንቅ እንዳትል የተባለችው አራስ ቀኑን ሙሉ ለአማቶቿ መኝታ ስታደላድልና ጀርባቸውን ስታክ ትውል ጀመር። ልጁ ሲተኛ አባባ ደምሴ እሹሩሩ ይሉለታል፤ በዚያ ድምፃቸው ገደሉ ሁሉ ሲያስተጋባ ልጁ ደንግጦ ይነሳና ይጮኻል። እሳቸውም ድምፁ ቁርጥ የእኔ ነው ብለው ይደሰታሉ።

ጫንያለው ቀለቡን ለመተካት ሲያድን እየዋለ ከሳ። እናቱ አይተውት አዘኑ፤ ሚስትህ አታበላህም ወይ ብለው ጠየቁት።

ውሎ አድሮ የአስካለች ወተት ነጠፈ። የልጁም ልቅሶ እየቀጠነ ሄደ። አስካለች ለባሏ ነገረችው፤ ባሏም በዘዴ ለእናቱ ነገራቸው። እማማ ብርቄ አለቀሱ። በስተርጅና ወንዝ ተሻግሬ መጥቼ ለአንዲት ቁራሽ እንዲህ ልባል ብለው ተቀየሙ። ጫንያለው ይቅርታ ጠየቀና መካሻ የሚሆን ጥጃ አመጣላቸው።

ከዚያ እማማ ብርቄ ልጁን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ሌላ አይደለም፤ ቡዳ በልቶት ነው» አሉ።

አገር ሁሉ ልጁ ሲታመምበት በጅብ ያማኻኛል። ጅብ በማን ያማኻኝ? እማማ ብርቄ ግን አልቸገራቸውም። ባለፈው አንዲት አህያ አራሷን ልትጠይቅ መጥታ ከገደሉ ማዶ እንደቆመች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንኳን ማረሽ ብላ ሄዳለች፤ በዚያ ትልልቅ ዓይኗ በልታዋለች አሉ። መድኃኒቱም የአህያዋ ሥጋ ነው፤ እሱንም አያት ቀድሞ መቅመስ አለበት። ጫንያለው ፍለጋ ወጣ። አህያዋ ግን አራስ ጠይቃ እንደተመለሰች አገር ቀይራ ነበር።

በዚህ ጊዜ መድኃኒት አዋቂዋ እመት ቀበሮ ተጠራች። ሁሉንም ከዋሻው አስወጥታ የልጁን ሆድ ዳሰሰች፤ ቀጥላ የእናቲቱን ጎን። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል።

«ሥጋ ከበላሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አለቻት።

አስካለች ወደ ዋሻው አፍ አየት አደረገች። «ሊያግዙኝ መጥተው እንዴት አትብሉ ልበላቸው? ነውር ነው። ግን ልጄ እያየሁት ሊሞትብኝ ነው።»

«አንቺ ምንም አትናገሪ» አለች ቀበሮ።

ወጥታም ፊቷን ከበድ አድርጋ፦

«እማማ አልተሳሳቱም፤ ቡዳ ነው። ያውም ሁለት ሆነው ነው የበሉት» አለች።

እማማ ብርቄ ድሮም ብዬ ነበር በሚል ዓይን ልጃቸውን አዩት። ቀበሮ መድኃኒቱን አስረዳች። አያቶች ራሳቸው ያደኑት ሥጋ መሆን አለበት፤ አባት ያደነው አይሠራም። እናቲቱ ብቻዋን ትበላለች፤ ሌላ አፍ ከቀመሰው ቡዳው ወደዚያ አፍ ይዞራል። አያቶች ደግሞ በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይጠብቃሉ። አንድ ታፋ ለራሷ ለቀበሮ ነው። አባባ ደምሴ ነገሩን አሰላሰሉና ቡዳው ወደ አንቺስ አይዞርም ወይ ብለው ጠየቋት። እኔን ለምዶኛል አለቻቸው።

አያቶቹ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን እያማረሩ ለአደን ወጡ። ሲወድቁ ሲነሱ ቆይተው አንድ ከርከሮ ጎትተው መጡ። አስካለች ብቻዋን በላች። ሽታው ወደ ውጭ ሲመጣ የአባባ ደምሴ ለሃጭ እግራቸው ሥር ኩሬ ሠራ፤ ግን ቡዳውን ፈርተው አልዞሩም። በማግስቱም ወጡ፤ ከዚያም በኋላ። በመጨረሻ የአስካለች ጡት ሞላ። ልጁ ጠባ፣ ጠባ፣ ጡቱን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። አስካለች አንገቷን ደፍታ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

እማማ ብርቄና አባባ ደምሴ አራስ ማረስ እንዲህ የሚያደክም መሆኑን የነገረን የለም ብለው ወደ አገራቸው ተነሱ። በመንገድ ላገኙት ሁሉ የልጅ ልጃቸውን ከሞት እንዴት እንዳተረፉት አወሩ። ጫንያለው እስከ ወንዙ ሸኝቷቸው ሲመለስ ልቡ በምስጋና ተሞልቶ ነበር።

«እናቴ ባትመጣ ኖሮ ይሄ ልጅ ምን ይሆን ነበር?» አለ።

አስካለች የያዘችውን አጥንት ቆርጥማ እስክትውጥ አስጠበቀችው።

«ይጠግብ ነበር» አለችው።

ከዚህ የምንማረው አራስ ቤት ለእርዳታ የከረመ ዘመድ ምስጋናውን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት በቤቱ ውስጥ ማን እንደከሳና ማን እንደወፈረ ዞር ብሎ ማየት እንዳለበት ነው።