የዘርፌ በርጩማ

በሾላ ገደል ከተማ፣ ከገበያው በላይ፣ የጎላ ልጆች የዘር ቆጠራ ማኅበር ያሠራው ቤተ መጻሕፍት አለ። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣራ በየቤተሰቡ የትውልድ መጽሐፍ ተሞልቷል፤ አያቱን በቅጡ የማያውቅ የሰፈር ልጅ እዚያ ሲገባ ነፋስ አጥር ላይ የሰቀለው ፌስታል ይመስላል። የሚጋባ ሁሉ እዚያ ሄዶ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥራል። በቤቱ መካከል አንዲት አሮጌ በርጩማ አለች፤ ማንም አይቀመጥባትም። ቆጣሪው የቱንም ያህል ቢያረጅ ቆሞ ይቆጥራል፤ ሲጨርስ ወደ በርጩማዋ ዞሮ «ያስቀረሁት አለ?» ይላል፤ ተሰብሳቢውም በአንድ አፍ «የለም» ይላል። ይኼ ልማድ ከየት መጣ ቢሉ፣ አዛውንቶቹ ጉሮሯቸውን ጠርገው የሚናገሩት እንዲህ ነው።

መሬት በዘር ይወረስ በነበረበት ዘመን፣ ድርሻ የሚፈልግ ሰው ከሾላው ሥር ቆሞ ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት እስከ ጎላ ድረስ ማስቆጠር ነበረበት ይባላል። ቆጣሪው አያ ይመኑ የሚባል ሰው ነበር፤ የአገሩን ዘር በቃሉ ይዞ ዳዊት እንደሚደግም ይወርደዋል፤ እሱ የጠራው ተወለደ፣ እሱ የዘለለው የለም።

ታላቅ እኅቱ ዘርፌ በልጅነቷ አንድ ቀጥቃጭ ወዳ ተከትላው ሄዳ ነበር። ቀጥቃጭ ማረሻ ሲሠራላቸው መልካም ሰው ነው፣ ልጃቸውን ሲወስድ ግን ቡዳ ይሆናል፤ ያገሩ ሂሳብ እንዲያ ነበር። ባሏ ሲሞት ልጇን አዝላ ተመለሰችና ከአባቷ መሬት ድርሻዋን ጠየቀች። ድርሻዋ ምንጩ ያለበት፣ የላይኛው ለም መሬት ነበር፤ ይመኑ ደግሞ እሷ ከሄደች ጀምሮ ሲያርሰው ኖሯል።

ጉባኤው ተሰበሰበ። ይመኑ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ከጎላ ጀምሮ ስም በስም እየወረደ አባቱ ዘንድ ደረሰና፣ «አባቴ እኔን ወለደ። ሌላ አልወለደም፤ ብዋሽ ዘሬ አይተካ» ብሎ ማለ።

«ወንድምዓለም፣ እኔ አይደለሁ አዝዬ ያሳደግሁህ?» አለች ዘርፌ።

«እቺን ሴትዮ አላውቃትም።»

ከኋላ አንዱ ቀልደኛ፣ «እሜቴ ከሰል፣ ከጎላ ዘር ወናፍ አይወጣም፤ በመጣሽበት ተመለሺ» አለና ሰውን አሳቀ። ከሳቁት ውስጥ ዘርፌን የማያውቅ አልነበረም ይባላል፤ ግን ቆጣሪን ያስቀየመ በሚቀጥለው ቆጠራ የራሱ ስም ይዘለልበታል፤ ማን ደፍሮ።

ዘርፌ ልጇን አስተካክላ አዘለችና፣ «እሺ፣ አልተወለድኩም። ያልተወለደ ሰው ግን ዘመድም የለውም፤ ይችን እንዳትረሳት» ብላ ወረደች።

ዘመን ሄደ። ዘርፌ በሩቅ አገር ልጇን ድራ የልጅ ልጅ አየች፤ ስሙ ፈንታ ነው። ከየት እንደመጣች ነግራው አታውቅም። ፈንታ አድጎ ጨው እየነገደ ሾላ ገደል ይመላለስ ጀመርና አትጠገብ የምትባል ልጅ ወዶ ሽማግሌ ላከ። አትጠገብ ወላጆቿ የሞቱባት፣ የይመኑ ብቸኛ የልጅ ልጅ ናት። እንደ ወጉ ሰባት ቤት ሲቆጠር፣ ፈንታ አባቱን ጠራ፣ የአባቱን እናት ዘርፌን ጠራና ቆመ።

«ከዚያ ወዲያስ?» አለው ይመኑ።

«ከዚያ ወዲያ ዘመድ የለኝም ነው አያቴ የምትለው።»

ይመኑ ዐወቀ። «እኅቴ ናት» ቢል የልጅ ልጁን ከነውር ያወጣታል፤ ግን መሬቱ ይመለሳል፣ መሐላውም ይወድቅበታል። ሽማግሌዎቹም ዐወቁ፤ እርስ በርስ አልተያዩም። ይመኑ፣ «በዘር አይገናኙም» አለ።

የሙሽራይቱ አያት ማን እንደሆነ ዘግይታ የሰማችው ዘርፌ፣ በስተርጅና በቅሎ ጭና ስትገሰግስ የደረሰችው በሠርጉ ቀን ነው አሉ። ዳሱ መካከል ቆማ፣ «ይመኑ፣ የኔንና ያንተን ልጆች እንዴት አጋባሃቸው?» አለችው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እናታችን፣ ይኼ ነገር ድሮ በመሐላ ያለቀ ነው፤ ይልቅ አረፍ ይበሉና እህል ይቅመሱ» አላት።

አትጠገብ ከሚዜዎቿ መሀል ተነሥታ ከአያቷ ፊት ቆመች። «አባባ፣ ያውቋታል?»

ይመኑ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ መሬት መሬቱን አየ። አትጠገብ የሙሽራ ካባዋን አውልቃ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች። ገዳም ገባች የሚሉ አሉ፤ ወደ ገደሉ በእጃቸው የሚጠቁሙም አሉ። ፈንታ አያቱን በቅሎዋ ላይ አውጥቶ ሄደ፤ ለሾላ ገደልም ዳግመኛ ጨው አላመጣም።

እንደሚነገረው፣ ይመኑ ከዚያ ወዲህ ተቀምጦ ቆጥሮ አያውቅም። ያችኑ በርጩማ ፊቱ ባዶ አስቀምጦ፣ ሲጨርስ ሽማግሌዎቹን «ያስቀረሁት አለ?» ይላቸዋል፤ አንድ ሰው ስሟን ጠርቶ ከመሐላው እንዲያወጣው ልመና ነበር ይባላል። እነሱ ደግሞ አብረውት ዝም ያሉ ናቸውና «የለም» ይሉታል። እንደ መሐላውም ዘር ሳይተካ ሞተ። መሬቱን እነዚያው ሽማግሌዎች፣ የማኅበሩ አባቶች፣ ተካፈሉት፤ ምንጩ ያለበትን የላይኛውን ግን ለማኅበሩ አስቀሩት። ቤተ መጻሕፍቱ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ዘርፌን የሚጠራ የለም። «ታዲያ ለምን አትጽፏትም?» ብሎ የዛሬውን ቆጣሪ የጠየቀ ሰው፣ «በማን ቃል? መሐላ አለ እኮ፤ ደግሞ ከጻፍናት በርጩማዋን ምን ልናደርጋት ነው?» የሚል መልስ አገኘ። በርጩማዋ በየቅዳሜው ቅቤ ተቀብታ ትወለወላለች። ባለፈው ሰሞንም ሁለት ልጆች ሊጋቡ መጥተው ተቆጠረላቸው፤ ቆጣሪው ዞሮ «ያስቀረሁት አለ?» አለ፤ ቤቱን የሞላው ሰው፣ ይኼን ታሪክ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ሁሉ፣ «የለም» አለ።