የቺፑ አለቃ

የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራ አንድ ኩባንያ ነበር አሉ። ባለ አንድ አንጎሉን ቺፕ አፍጥነው አፍጥነው እንደ ፍም ቢግልባቸው፣ ሥራ የሚጋገዙ ስምንት አንጎሎች በአንድ ቺፕ ላይ አሰፈሩ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምመላሽ ግን፣ «አለቃ የሌለበት ቤት ቤት አይሆንም! አንደኛው አለቃ ይሁን፤ ሰባቱ እሱን ሳያስፈቅዱ ምንም እንዳይሠሩ!» ብለው አዘዙ። እንዳሉት ተደረገ፤ ቺፑም ከድሮው ብሶ ተንቀራፈፈ።

አቶ ደምመላሽ ከስብሰባ ወጥተው ቺፑን የምትሞክረውን ምላሰኛ ሠራተኛ አስጠሩና፣ «ስምንት አንጎል ይዞ የሚጎተተው ምን ሆኖ ነው? ዛሬ ካልነገርሽኝ ነገ እዚህ እንዳላይሽ!» ብለው አፈጠጡባት።

እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጅ ነሣችና፣ «ጌታዬ፣ ቺፑስ ምንም አልሆነም። ሰባቱ ደጅ እየጠኑ ነው፤ አለቃቸው ገና ስብሰባ ላይ ናቸው» አለቻቸው።